ኮምፒውተሩ የሸመደደው ሲያልቅበት

ለፕሮግራመሮችና ለቼዝ ወዳጆች በአንድ የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ሰሌዳ ይዛችሁ ስለመጣችሁ ቼዝ ተጫዋቾች ናችሁ ብዬ ልገምት። ከኋላ ላፕቶፕ የከፈታችሁት ወይ ኮድ ጸሐፊዎች ናችሁ፣ ወይ የቢሮ ሥራ አላለቀላችሁም። ሰሌዳ ያላችሁ ጠጠሮቹን ደርድሩልኝ፤ አንድ በጣም አጭር ጨዋታ ላሳያችሁ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሰሌዳውን ዓምዶች ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹን ከ1 እስከ 8።

1988፣ ስዊዘርላንድ፣ ቢል ከተማ። ነጭ የኮሎምቢያው አሎንሶ ሳፓታ ነው። ጥቁር በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ያኔ ግን ገና የ18 ዓመት ልጅ የነበረው ቪሽዋናታን አናንድ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5። ነጭ ፈረስ ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ወደ ኤፍ6። የነጭ ፈረስ የኢ5ን ወታደር በላ። ጥቁር ወታደር ወደ ዲ6 ገፋና ፈረሱን አባረረ፤ ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ተመለሰ። የጥቁር ፈረስ በተራው የኢ4ን ወታደር በላ። ነጭ ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ሲ3 አወጣ። አናንድ ቢሾፑን ወደ ኤፍ5 አወጣ፤ ፈረሴን ልደግፍ ማለቱ ነው። ነጭ ንግሥቲቱን ከንጉሡ ፊት፣ ኢ2 ላይ አቆማት።

አናንድ እጁን ሰጠ። ስድስት እርምጃ!

እስቲ ሰሌዳውን ልብ በሉት። የጥቁር ፈረስ ኢ4 ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ የነጭ ንግሥት፣ ከኋላው የራሱ ንጉሥ፣ መሐል ላይ ማንም የለም። ከተነሳ ንጉሡ ይጋለጣል፣ ስለዚህ መነሳት አይችልም። በወታደር ቢደግፈው ነጭ የዲ ወታደሩን አንድ እርምጃ ወደ ዲ3 ይገፋና ፈረሱን ይበላዋል። ንግሥቱን ኢ7 ላይ ቢጋርድ ደግሞ የሲ3 ፈረስ ዲ5 ላይ ይዘላል፤ ያኔ ንግሥቲቱም፣ ሲ7 ላይ ያለው ወታደርም፣ ፈረሱም በአንድ ጊዜ ይጨነቃሉ።

ይህን ያህል ጎበዝ ልጅ ይህን ስህተት ከየት አመጣው? ከዓመት በፊት፣ በ1987 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቶኒ ማይልስና ላሪ ክሪስቲያንሰን ይቺኑ መስመር ተጫውተው ነበር። ሁለቱም ግራንድማስተሮች፣ የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ ያላቸው ናቸው። ክሪስቲያንሰን በጥቁር በኩል ይህንኑ ቢሾፕ ኤፍ5 ላይ አወጣ፣ ማይልስ ንግሥቱን ኢ2 ላይ አላቆመም፣ በ20 እርምጃ አቻ ተለያዩ። ጨዋታው ታተመ። አናንድም አየው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጫውተውታል፣ ውጤቱም አቻ ነው፤ እንግዲህ ለጥቁር ምንም ክፉ ነገር የለውም ብሎ ያዘው።

ዛሬ የማወራላችሁ ነገር ሁሉ እዚህች ጨዋታ ውስጥ አለ። ልዩነቱ አናንድ አንድ ጨዋታ አይቶ አንድ ጊዜ መሳሳቱ ነው። እኔና እናንተ ግን ሚሊዮን ጨዋታ የሚያነብ ፕሮግራም ጽፈን፣ አናንድ የሠራውን ስህተት በሚሊዮን ቦታ ላይ እናሠራዋለን። ከዚያም የመክፈቻ መጽሐፍ እንለዋለን።

የመክፈቻ መጽሐፍ ምን እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የቼዝ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ልቁጠር ቢል መንገዱ ይበዛበታል። ነጭ ለመጀመሪያው እርምጃ 20 ምርጫ አለው። ጥቁር ሲመልስ 400 ይሆናል፣ ነጭ ሲደግም 8,902፣ ጥቁር ሲደግም 197,281። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሽምደዳ ይሰጡታል፦ ሰሌዳው እንዲህ ሲሆን ይህን ተጫወት። ሁላችንም ተማሪ ሳለን የኬሚስትሪ ፈተና እንዲህ አልፈን የለ? ሸምድዶ የገባ ተማሪ መጀመሪያ ላይ እንደ አንበሳ ነው። ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝበት ነው ጉዱ።

(እግረ መንገዴን፦ አባቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደቻለ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ለዚያ ጨዋታ መጽሐፍ የሚጽፍ ካለ ይጻፍና እንየው።)

ድሮ መጽሐፉን ሰው ነበር የሚጽፈው፤ ዛሬም ከባድ ውድድር ውስጥ የሚገቡት እንደዚያ ያደርጋሉ። እኛ ግን ቅዳሜና እሑድ የምንሠራ ሰዎች ነን። የጨዋታ ክምችት እናወርዳለን፣ መሣሪያ እንሰጠዋለን፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ መጽሐፉ ተሠርቶ ይጠብቀናል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ፖሊግሎት ነው፤ ፍሩት የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ፋቢያን ለቱዜ ነው የሠራው። የፋይሉ አሠራር ቅልል ያለ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው፦ 8ቱ የሰሌዳው ሁኔታ ቁልፍ፣ 2ቱ እርምጃው፣ 2ቱ ክብደቱ፣ 4ቱ ለትምህርት የተቀመጠ ቦታ። በቃ። ተጫዋቹ ማን እንደነበር፣ መቼ እንደተጫወተ፣ ተጋጣሚው ምን እንደመለሰ የሚባል ነገር የለም። የቀረው ክብደቱ ብቻ ነው።

ክብደቱ እንዴት ይሰላል? ሁለት ጊዜ ድል ሲደመር አቻ። ወረቀት ያላችሁ ጻፉልኝ። አንድ እርምጃ 1,000 ጊዜ ተጫውተውታል እንበል፤ 300 አሸንፈዋል፣ 300 አቻ ወጥተዋል፣ 400 ተሸንፈዋል። ክብደቱ 900። ሌላ እርምጃ እዚያው ሰሌዳ ላይ 40 ጊዜ ብቻ ተጫውተውታል፤ 30 ድል፣ 8 አቻ፣ 2 ሽንፈት። ክብደቱ 68። ፕሮግራሙ በክብደት ዕጣ ሲጥል ከ100 ጊዜ 93ቱን የሚሸነፉበትን ይመርጣል። ክብደቱ የሚነግረን ስንት ሰው እንደሄደበት እንጂ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ አይደለም። በርግጥ ነጥቡ ዝቅ ያለውን እርምጃ የሚጥል ማጣሪያ እዚያው መሣሪያ ውስጥ አለ፤ ካልነገራችሁት ግን መነሻው ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ሁሉም ይግባ ማለት ነው።

«እንግዲያው በብዛት አንመዝን፣ በድል መቶኛ እንመዝን» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ያኔ ነው እንግሉንድ የመጣብኝ።

እንግሉንድ ጋምቢት (ጋምቢት ማለት ጥቅም ለማግኘት ወታደር የሚሠዋበት መክፈቻ ነው) ምን እንደሆነ ከፊት ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ ፈገግታችሁ ነገረኝ። ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ4፣ ጥቁር ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወታደሩን ወደ ኢ5። ነጭ በላ። የጥቁር ፈረስ ሲ6፣ የነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ የጥቁር ንግሥት ኢ7። ነጭ ወታደሩን ልጠብቅ ብሎ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ አወጣ። የጥቁር ንግሥት ቢ4 ላይ ወርዳ ቼክ አለች፤ ቢሾፑ ዲ2 ላይ ተመልሶ ጋረደ፤ ንግሥቲቱ የቢ2ን ወታደር በላች። አሁን ነጭ፣ «ንግሥቲቱን ላባርራት» ብሎ ቢሾፑን ሲ3 ላይ ካስቀመጠ አለቀለት። የጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ላይ ይመጣል፣ ሲ3 ላይ ይበላላሉ፣ በመጨረሻ የጥቁር ንግሥት ሲ1 ላይ ገብታ ቼክሜት። ነጭ በቢሾፑ ፈንታ ፈረሱን ሲ3 ላይ ካወጣ ግን ጥቁር ቁማሩን ተበልቷል፤ ንግሥቱ ጠላት ሰፈር ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ስትዋትት ነጭ ጠጠሮቹን በሙሉ ያወጣል።

ላይቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ በየወሩ እየጨመረ በነፃ በሚለቀው ክምችት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጨዋታዎች አሉ። አብዛኛው ተጫዋች እንደ እኔ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በስልኩ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ የሚጫወት። እንዲህ ያለው ሰው ቢሾፑን ሲ3 ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ የእኔ መቶኛ ቆጣሪ እንግሉንድን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ጥቁር ሲያሸንፍ ነው የሚያየው። ከጠንካራ ፕሮግራም ጋር ባጋጠምኩት ምሽት ከዲ4 በኋላ ምንም ሳያስብ፣ በዜሮ ሰከንድ፣ ወታደሩን ኢ5 ላይ አኖረ። ጠንካራው ፕሮግራም ፈረሱን ሲ3 ላይ አወጣ። የእኔው መጽሐፉ እዚያ ላይ አልቆበት ማሰብ ጀመረ፤ ሲያስብ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ገባው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ችግሩ የጀማሪዎች ጨዋታ መሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ጉዳዩ የአማካይ ጉዳይ ነው። ከ500 ሰው 480ው የተሳሳተውን መልስ ቢሰጥና 20ው ትክክለኛውን ቢያገኝ፣ አማካዩ ያማረ ይሆናል። ቼዝ ግን ከአማካይ ሰው ጋር የምንጫወተው ነገር አይደለም፤ ፊት ለፊታችን ከተቀመጠው ጋር ነው፣ እሱም ሃያዎቹ ያገኟትን መልስ ሊያውቃት ይችላል። ፕሮግራም ስናስተምር መጀመሪያ የምንነግረው ነገር «ተጋጣሚህ ከሁሉ የሚጎዳህን ይመርጣል ብለህ አስብ» የሚል ነው። የማሰቢያው ክፍል ሙሉ በሙሉ በዚህ ሕግ ይሄዳል። ከዚያ መጽሐፉን ስንሠራ ይህንኑ ሕግ ረስተን ድምፅ እንደሚቆጥር ምርጫ አስፈጻሚ እንሆናለን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕግ!

ይኸው ነገር በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። አንድ መስመር ለሃያ ዓመት ሲጫወቱበት ይኖራል፣ ነጭ ያሸንፍበታል። አንድ ቀን አንድ ሰው መድኃኒቱን ያገኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ጠቢብ ያንን መስመር አይጫወትም፤ ስለማይጫወትም አዲስ ሽንፈት አይመዘገብም። ሃያ ዓመት የተጠራቀመው ድል በክምችቱ ውስጥ እንዳማረበት ይቀመጣል። ቆጣሪያችን የሚያየው የሞተውን መስመር የሠርግ ፎቶ ነው።

«ታዲያ የግራንድማስተሮችን ብቻ እንውሰድ።» ይህንንም ሞክሬያለሁ። የቼዝ ደረጃ ነጥባቸው ከ2700 በላይ የሆነ ብቻ ይግቡ አልኩ። መጽሐፉ ሲያልቅ ስፈትሸው ጥቁርም ነጭም ገና በመክፈቻው ንጉሡን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያመላልስበት መስመር አገኘሁ። ኮዴ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ሌሊት ስፈልግ አደርኩ። ኮዱ ደህና ነበር። ማርች 2021 ላይ፣ በካርልሰን ስም በተሰየመው የኦንላይን ውድድር፣ ማግነስ ካርልሰንና ሂካሩ ናካሙራ ሁለቱም ማለፋቸውን ካረጋገጡ በኋላ ተጋጠሙ። ካርልሰን ንጉሡን ኢ2 ላይ አወጣ፣ ናካሙራ እየሳቀ ኢ7 ላይ አወጣ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፤ በስድስተኛው እርምጃ በድግግሞሽ አቻ። ማጣሪያዬ ምን ይበል? ደረጃቸው ሰማይ ጠቀስ ነው፣ ውጤቱም አቻ ነው። ማጣሪያ ቀልድ አይገባውም።

ከዚህችው ጨዋታ አንድ ሌላ ጉድለቴን አገኘሁ። አንድ እርምጃ መጽሐፍ ውስጥ እንዲገባ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት ብዬ ነበር፤ የአንድ ጨዋታ አደጋ እንዳይገባ። ግን የምቆጥረው ጨዋታ ሳይሆን እርምጃ ነበር። ነገሥታቱ ወጣ ገባ ሲሉ ከዚያው ሰሌዳ ላይ ያው እርምጃ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ አንዱ ጨዋታ ሁለት ሆኖ ተቆጠረና ወንፊቱን አለፈ። ደግነቱ ወደዚያ የሚያደርሰው የመጀመሪያው የንጉሥ እርምጃ አንዴ ብቻ ስለተቆጠረ በሩ ዝግ ነበር። ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሞልቷል፣ መግቢያ የለውም።

አሁን ደግሞ «ሰዎች ይሳሳታሉ፣ የፕሮግራሞችን ጨዋታ እንውሰድ» የምትሉት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። ሁለት ፕሮግራሞች ያለ ምንም መነሻ ቢጋጠሙ ያንኑ ጨዋታ ይደጋግሙታል። ስለዚህ ፈታኞች መነሻ ሰሌዳዎችን መርጠው «ከዚህ ጀምሩ» ይሏቸዋል፤ አንዳንዴ ውጤት እንዲለይ ብለው ሆን ብለው ያዘነበለ ሰሌዳ ይሰጧቸዋል። እነዚያ የመጀመሪያ እርምጃዎች ፈታኙ የጫናቸው ናቸው፤ ፕሮግራሙ ፈልጎ የተጫወታቸው አይደሉም። ቆጣሪያችን ግን ይህን አያውቅም፤ ስቶክፊሽ የተባለውን ጠንካራ የቼዝ ፕሮግራም ጨዋታዎች አይቶ፣ «ስቶክፊሽ ይህን መክፈቻ አራት መቶ ጊዜ ተጫውቶታል» ብሎ ያስገባዋል። ስቶክፊሽ በገዛ ፈቃዱ አንድም ጊዜ ላይነካው ይችላል! ከዚያ በዚህ የተሠራውን መጽሐፍ ሌላው ሰው ይወስድና ይጫወትበታል፣ ጨዋታዎቹ ክምችት ውስጥ ይገባሉ፣ ከክምችቱ አዲስ መጽሐፍ ይሠራል። አንዱ ወሬኛ ለሌላው ነግሮት፣ ያ ደግሞ ለመጀመሪያው መልሶ ሲነግረው «እኔም ሰምቻለሁ» እንደሚል ነው።

ስለ ዕጣው አንድ ስሌት ልጨምር። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዳይጫወት በክብደት ዕጣ ይጥላል ብያችኋለሁ። ያ አስፈላጊ ነው፤ አለዚያ አንድ ጊዜ ያሸነፈው ሰው ያንኑ ጨዋታ እየደገመ በየቀኑ ይቀጣዋል። ግን በየእርምጃው ከመቶ 3 ብቻ መጥፎ ነገር የመምረጥ ዕድል አለው እንበል። ሦስት ምን አላት ትላላችሁ። 15 እርምጃ ከመጽሐፍ ሲጫወት፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት የሚያልፈው ከመቶ 63 ጊዜ ነው። ከሦስት ጨዋታ ከአንድ በላይ የሚሆነው ገና ማሰብ ሳይጀምር ይበላሻል። ክብደቱ ትንሽ የሆነውን እርምጃ ጨርሶ መቁረጥ ያለብን ለዚህ ነው፤ «አልፎ አልፎ ቢመጣ ምን ይጎዳል» የሚባለው ነገር ይጎዳል።

እስካሁን የሐሳብ ስህተት ነው ያወራሁት። የእጅ ስህተትም አለ፤ ከኋላ ላላችሁት አንድ ልንገራችሁ። መጽሐፉን በፖሊግሎት ሠራሁ፣ የሚያነበውን ክፍል ግን ራሴ ጻፍኩ። ስሞክረው ፈረሴን ወደ ኤፍ3 ሳወጣ ወዲያው ይመልሳል። ወታደሬን ወደ ኢ4 ስገፋ ዝም ብሎ ማሰብ ይጀምራል፤ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚዘወተረውን እርምጃ አያውቀውም! በነጭ ሆኖ ኢ4 ተጫወተ እንበል፤ እኔ ወታደሬን አንድ እርምጃ ወደ ሲ6 ስገፋ (ይህ መክፈቻ ካሮ-ካን ይባላል) ወዲያው ይመልሳል፤ ኢ5 ስል ይጠፋዋል። አንዳንዴ ደግሞ ከመጽሐፍ ወጥቶ፣ አንድ እርምጃ በራሱ አስቦ፣ ተመልሶ ይገባል።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሰሌዳው ቁልፍ የሚሠራው ከ781 የዘፈቀደ ቁጥሮች ነው፦ 768ቱ ለጠጠሮችና ለቦታቸው፣ 4ቱ ለካስሊንግ (ንጉሥና ሩክ በአንድ እርምጃ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) መብት፣ 8ቱ ለአን ፓሳን (ሁለት እርምጃ የዘለለን ወታደር አንድ ብቻ እንደሄደ አድርጎ ለመብላት)፣ አንዱ ለተራ። ወታደር ሁለት እርምጃ ሲዘል የተለመደው የሰሌዳ አጻጻፍ የአን ፓሳን ቦታውን ሁልጊዜ ይመዘግባል። ፖሊግሎት ግን አጠገቡ ሊበላው የሚችል የተጋጣሚ ወታደር ከሌለ አይቆጥረውም። እኔ ሁልጊዜ እቆጥር ነበር። ስለዚህ ወታደር ሁለት በዘለለ ቁጥር የእኔ ቁልፍና የመጽሐፉ ቁልፍ ይለያያሉ፤ በር አለ፣ መክፈቻው ሌላ ነው። ካስሊንግም ላይ እንዲሁ ተሸውጃለሁ፦ ፖሊግሎት «ንጉሡ ከኢ1 ወደ ኤች1 ሄደ» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ የራሱን ሩክ እንደበላ። የእኔው ይህን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ይጥለውና ሁለተኛውን እርምጃ ይወስዳል። ምንም አይጮኽም፣ ምንም አይሰበርም፤ ለወራት ካስሊንግ ከማድረግ በፊት አንዲት ከንቱ ወታደር ሲገፋ «ስታይሉ ነው» እል ነበር።

እንግዲህ በራሱ የሚሠራ መጽሐፍ የሚባል ነገር ሁሉ ይቃጠል እያልኩ አይደለም። የአይቢኤምን ማሽን ዲፕ ብሉን እንይ። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው ማሽን ሁለት መጽሐፍ ነበረው። አንዱ በእጅ የተሠራ፤ ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን በዋናነት፣ ሌሎች ግራንድማስተሮች እያገዙት፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰሌዳ ብቻ። ሁለተኛው ከ700,000 ጨዋታዎች በማሽን የተሠራ። ልዩነቱ ሁለተኛው የማዘዝ ሥልጣን አለመያዙ ነው። እርምጃው ስንት ጊዜ እንደተጫወተ፣ በእነማን፣ በቅርቡ ነው ወይስ ድሮ፣ ተንታኞች ምን እንዳሉበት ደምሮ ለእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ጉርሻ ይሰጣል፤ ማሽኑ ግን ራሱ እያሰበ ነው የሚወስነው። ስታቲስቲክሱ ጆሮው ላይ ሹክ ይላል፣ እጁን አይዝም። ካስፓሮቭም የመጽሐፉን ጉዳይ ያውቅ ነበር፤ በሦስተኛው ጨዋታ ወታደሩን አንዲት እርምጃ ብቻ፣ ወደ ዲ3፣ ገፍቶ የጀመረው ማሽኑን ከሽምደዳው ለማስወጣት ነው።

ሜይ 11 ቀን፣ ስድስተኛው ጨዋታ። ካስፓሮቭ ካሮ-ካን ተጫወተና በሰባተኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ኤች6 ገፋ። ነጭ ፈረሱን ኢ6 ላይ መሠዋት አለበት። የዚያ ዘመን ማሽን ግን ወዲያው የሚመለስ ነገር ካላየ ፈረስ አይሠዋም፤ ካስፓሮቭ ይህንን ተማምኖ ነው። ዲፕ ብሉ ግን ወዲያው ሠዋው፤ በእጅ ከተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ከቡድኑ አንዱ ሚጌል ኢለስካስ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው ያቺን እርምጃ ያስገቡት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ጨዋታው በ19 እርምጃ አለቀ። ያን ፈረስ ያስገባው ሰው ስንት ሰው እንደተጫወተው የቆጠረ አይመስለኝም፤ ከመሥዋዕቱ በኋላ ማሽኑ ሰሌዳውን ይዞ መቀጠል እንደሚችል ያየ ይመስለኛል። እኔ ብዙ ጊዜ የምረሳው ይህንን ነው፦ መጽሐፉ የሚያልቅበት ሰሌዳ ለማን ነው የሚሰጠው? ጋምቢት ለሚወድ ሰው ያማረ ሰሌዳ፣ ወታደር ለሚቆጥር ፕሮግራም «አንድ ጎድሎብኛል» የሚል ሰሌዳ ነው። ከመጽሐፍ ወጥቶ በመጀመሪያው እርምጃ ፈረሱን ወደ ቤቱ ሲመልስ ካያችሁት፣ የሰጣችሁትን አልተረዳውም።

በራሱ የሚሠራውን በደንብ ከሠሩት መካከል እኔ የማደንቀው ሚካኤል ቡሮን ነው፤ የእሱ ሎጂስቴሎ በኦገስት 1997 የኦቴሎ የዓለም ሻምፒዮኑን ታኬሺ ሙራካሚን 6 ለ 0 ያሸነፈው። ጨዋታው ቼዝ አይደለም፣ ዘዴው ግን ይሠራል። መጽሐፉ ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ፕሮግራሙ፣ «እስካሁን ካልተሞከሩት ውስጥ የተሻለው የትኛው ነው?» ብሎ አስቦ ዋጋውን ይጽፋል። ከዚያ ዋጋዎቹ ከጫፍ ወደ መነሻ ይመለሳሉ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ተጋጣሚው ለእኔ የከፋውን እንደሚመርጥ ታስቦ። የማይልስና የክሪስቲያንሰን ጨዋታ ለዚህ መጽሐፍ ቢሰጠው፣ ያልተሞከረው የንግሥት እርምጃ ተገኝቶ አቻው ወደ ሽንፈት ይቀየር ነበር። በ1988 አናንድ የሚያስፈልገው ይህችው ነበረች።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ብቻ አስቀራለሁ።)

ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ፣ «ልጄ፣ የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ያለ መጽሐፍም ሰውን ሁሉ ያሸንፋሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ ምን አደከመህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጋሼ። የዛሬው ስቶክፊሽ የራሱ የመክፈቻ መጽሐፍ የለውም፤ መጀመሪያውንም አስቦ ነው የሚጫወተው። እኔ የምጽፈው ግን ስቶክፊሽ አይደለም። በደካማ ላፕቶፕ የሚሄድ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት ነው፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ጨዋታ ቢጫወት ይሰለቹታል፣ በየእርምጃው ሁለት ደቂቃ ቢያስብም ጥለውት ይሄዳሉ።

አንዲት ከኋላ የነበረች ወጣት ደግሞ፣ «አሁን ያንተ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን አጭር ነው፤ ስምንት እርምጃ ላይ ይቆማል። እጩ እርምጃዎችን ከሰዎች ጨዋታ እወስዳለሁ፤ እጩ ብቻ፣ ዳኛ አይደሉም። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ያስባል፣ ተጋጣሚው ሊመልሳቸው የሚችሉትን ክምችቱ ውስጥ የሌሉትንም ጨምሮ፤ ከዚያ ዋጋው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የማይረባው ይቆረጣል። ማታ አስነስቼው እተኛለሁ። ጠዋት የተቆረጡት መስመሮች ዝርዝር ይጠብቀኛል። ትናንት ጠዋት ዝርዝሩ ላይ አንዱ እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የምጫወተው መስመር ሆኖ አገኘሁት። ለምን እንደቆረጠው አየሁ፤ ትክክል ነው። እሑድ ዕለት ከወንድሜ ጋር ያንኑ እጫወታለሁ፤ እሱ መድኃኒቱን አያውቀውም።